ምዕራፍ 7፦ የሽንት ቱቦ ይዞ ውኃ መግባት

የሽንት ቱቦ ተደርጎለት ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ሆስፒታል ወደ ቀዬው የሚመለስ ሰው ከረጢቱን እንዴት እንደሚያፈስስ፣ ቱቦውን ለማስቀየር መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ይነገረዋል። ስለ ውኃ ግን እምብዛም አይነገረውም፤ እሱም አይጠይቅም። ጥያቄው የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ወንዙ ከማሳው ሥር ይወርዳል። ጸበሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ይፈልቃል። ጥምቀት በየዓመቱ ጥር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 3 ደግሞ የሩፋኤል ዝናብ ይጠበቃል። ያን ጊዜ አንዱ «ከእንግዲህ ውኃ ለእኔ ቀርቷል» ብሎ ገላውን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ይከርማል። ሌላው ምንም እንዳልተደረገለት ሰው እስከ አንገቱ ይነከራል።

ሁለቱም ተጎጂ ናቸው። ሳይታጠብ የሚከርመው በቱቦው ዙሪያ በሚጠራቀመው እድፍ ይመረቅዛል፤ ዘሎ የሚነከረው ደግሞ የወንዙን ተሕዋስያን ይዞ ይወጣል። በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው ቱቦ ያለው ሰው ከውኃ መራቅ እንደሌለበት፣ ነገር ግን የትኛው ውኃ፣ እስከ የትኛው የሰውነት ክፍል፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን ለይቶ ማወቅ እንዳለበት ነው። ለፍኖተ ሰላም፣ ለጅጋ፣ ለማንኩሳ፣ ለቡሬና ለአካባቢው ገጠር ነዋሪ የሚሆነው መልስ ባሕር ማዶ ከሚታተሙ የሕክምና መጻሕፍት መልስ ይለያል። እነሱ የሚጽፉት ስለ መዋኛ ገንዳ ነው፤ እኛ ያለን ብር፣ ላህ፣ ተምጫና ፈጣም ናቸው።

ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር

በገጠራችን ቱቦ ይዘው ከሚኖሩት ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ናቸው። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ የሽንት መውጫውን ከቦ ከፊኛው አንገት ሥር ተቀምጧል። ዕድሜ ሲገፋ ይተልቃል፤ መውጫውን ያጠብባል፤ በመጨረሻ አንድ ሌሊት ሽንት ጨርሶ እምቢ ይላል። ሰውየው ሆስፒታል ሲደርስ ቱቦ ይገባለትና እፎይ ይላል። ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ አለዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር ተጽፎለት የቀዶ ሕክምና ተራው እስኪደርስ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ከቱቦው ጋር ያሳልፋል። በመኪና አደጋ ወይም ከዛፍ ወድቀው አከርካሪያቸው የተጎዳ፣ የሽንት መስመራቸው በጠባሳ የጠበበ ሰዎች፣ በምጥ መርዘም ምክንያት ሽንት ያለፈቃድ የሚያፈስስ ቀዳዳ፣ ማለትም ፌስቱላ፣ የደረሰባቸው እናቶችም አሉ።

በአብዛኛው የሚገባው ቱቦ ፎሌይ ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ፍሬድሪክ ፎሌይ ከተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ቱቦው በውስጡ ሁለት መስመር አለው። በአንደኛው ሽንት ይወርዳል። በሁለተኛው ባለሙያው በስሪንጅ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ያስገባል። ውኃው በቱቦው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ኳስ ይነፋታል፤ ኳሷም ፊኛው ውስጥ ተቀምጣ ቱቦው ሾልኮ እንዳይወጣ ትይዘዋለች። ቱቦው ላይ የሚያነቡት 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር የውፍረቱ መለኪያ ነው፤ ለ3 ሲካፈል ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይሰጣል።

የኳሷን ነገር እዚህ ያነሣሁት በብርቱ ምክንያት ነው። ጸበል ለመጠመቅ ወይም ወንዝ ለመውረድ ሲል «ለዛሬ ብቻ ላውጣው» የሚል ሐሳብ የሚመጣበት ሰው አለ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ኳሷ እንደተነፋች ቱቦው ከተሳበ የሽንት መስመሩን እየሰነጠቀች ነው የምትወጣው። ደሙ ያስደነግጣል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው መስመሩን ያጠብበዋል፤ ያኔ ሽንቱ እንደገና ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቱቦ ማስገባቱም ለሐኪሙ ራሱ ይከብደዋል። በመቀስ መቁረጥም አይሆንም፤ ኳሷ ሳትተነፍስ ልትቀር፣ የተቆረጠው ጫፍም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሚያወጣው የጤና ባለሙያ ነው፤ መጀመሪያ የኳሷን ውኃ በስሪንጅ መጥጦ፣ ከዚያ ቱቦውን በቀስታ ስቦ።

ቱቦ ያለው ሰው ስለ ውኃ ሲያስብ ሊያስታውሳቸው የሚገቡ ሦስት በሮች አሉ። አንዱ ቱቦው ገላ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው፤ ተሕዋስያን በቱቦው ውጫዊ ገጽ ተያይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ሁለተኛው ቱቦውና ከረጢቱ የሚገናኙበት መጋጠሚያ፣ ሦስተኛው ከረጢቱ የሚፈስስበት መክፈቻ ነው። ቱቦው ከገባ በኋላ በየቀኑ ከ100 ሰዎች ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ እንደሚገባ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ወር የቆየ ቱቦ ያለው ሰው ሽንቱ ፍጹም ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ሽንቱ መንገድ ሲያጣና ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ወይም እንግዳ የሆነ ብዙ ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ሲገባ ነው። ቆሻሻ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ደግሞ ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል።

የወንዙ ነገር

ፊት ለፊት ልናገር፦ ቱቦ ይዞ ወንዝ ውስጥ መዋኘትን አልመክርም። ዋና የሚያስደስት፣ ለጡንቻም ለመንፈስም የሚጠቅም ነገር መሆኑን አምናለሁ። ሆኖም በምዕራብ ጎጃም ወንዞች ላይ ሁለት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ውኃው የሁሉ መሆኑ ነው። ከብት ይጠጣበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል፤ ክረምት ሲገባ ከየሜዳው የተጠራቀመው ሁሉ ታጥቦ ይገባበታል። የክረምት ደፍራሽ ውኃ በቱቦው መግቢያ ዙሪያ ያለችውን ትንሽ ጭረት አይምራትም።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቱቦ ለሌለውም ይጠቅማልና። በፍኖተ ሰላምና በጅጋ አካባቢ ተማሪዎች ላይ በተደረጉ የሰገራ ምርመራዎች በሽታው ተገኝቷል፤ በጣና ዙሪያም የቆየ ነው። የበሽታው ትል ዕንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በአንድ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ዓይን የማያየው እጭ ሆኖ ወደ ውኃው ይወጣል። ቀንድ አውጣዎቹ ቀስ ብሎ የሚሄድና ሣር የበዛበት ዳርቻ፣ የመስኖ ቦይና ኩሬ ይወድዳሉ። እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ልጆች ለዋና፣ እናቶች ለልብስ አጠባ የሚወርዱበት ሰዓት ማለት ነው። ወደ ሰውነት የሚገባው ደግሞ በደህና ቆዳ በኩል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቁስል አይፈልግም፤ የቱቦውን በርም አይፈልግም። «ቱቦዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ልግባ» የሚል ሰው ቱቦውን ቢያድን እንኳ እግሩን አላዳነም።

የቢልሃርዝያ ነገር ሲነሣ አገራችን የምትኮራበት ታሪክ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። እናቶቻችን ለነጠላ ማንጫ የሚወቅጡት ፍሬ የበሽታውን ተሸካሚ ይገድል ኖሯል። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ይህን ሲያነቡ ግን እንዶድ በቱቦው ዙሪያ ለመታጠቢያ ይሆናል ብለው እንዳያስቡ። የሳሳ ቆዳን ያቃጥላል፤ ለዚያ ቦታ ተራ ሳሙና ይበቃዋል።

አንድ ስሕተት ደግሞ ልከላከል። በእኛ አካባቢ ያለው ቢልሃርዝያ አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ዓይነት ነው። የሽንት ፊኛን የሚያጠቃውና ሽንትን ደም የሚያደርገው ሌላኛው ዓይነት በአገራችን የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ጥቂት ቆላ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ቱቦ ያለዎት ሰው ከረጢትዎ ውስጥ ደም ካዩ «ከወንዙ የያዘኝ ነው» ብለው ቤት አይቀመጡ። ቱቦው ተስቦ፣ ፊኛው ቆስሎ፣ ወይም ሌላ የሚታይ ነገር ኖሮ ይሆናልና ሐኪም ይየው። ወንዝ ገብተው ከነበረ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሰገራዎን ያስመርምሩ፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሽታውን ያድናል።

አለመዋኘት ይቻላል፤ ወንዝ አለመሻገር ግን የማይቻልበት ጊዜ አለ። ድልድይ ካለ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም በድልድዩ ይሂዱ። ከሌለ፣ ከጉልበት በታች በሆነ መልካ ብቻ፣ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይሻገሩ። የጎጃም ገበሬ የሚለብሰው ቁምጣ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከረጢቱን ከባት አውጥተው ቁምጣው ሥር ጭን ላይ ያስሩታል፤ ከሰው ዓይንም ከውኃም ይድናል። ከፊኛው በላይ ግን ከፍ አይደረግም፤ ትከሻ ላይ ወይም ጋቢ ውስጥ ሽቅብ የተያዘ ከረጢት የቆየውን ሽንት ወደ ፊኛው ይመልሰዋል። ወንዙ ከሞላ ተመልሶ ማደር ነው።

ስለ ጸበል

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነው፤ በምዕራብ ጎጃም ቱቦ ያለው ሰው ውኃ የሚገባበት ትልቁ ምክንያት ጸበል ነውና። ሰከላ ወረዳ የሚገኘው ግሽ ዓባይ፣ የዓባይ መነሻ፣ ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም ብዙ ሰው የሚሄድበት ጸበል ነው፤ በየአጥቢያውም ሌላ አለ። ታማሚን «ጸበል አትሂድ» ማለት ተስፋውን መንጠቅ ይሆናል። እኔ አልለውም። የምለው ሂዱ፣ ነገር ግን ከራስ ላይ የሚፈስሰውን ምረጡ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከላይ የሚወርድ ወይም በጣሳ የሚፈስስ ውኃ ገላን አጥቦ ያልፋል፤ ቱቦው ያለበት ቦታ ቢረጥብም አይዘፈዘፍም። ብዙ ሰው ተራ በተራ የሚገባበት ጉድጓድ ወይም ገንዳ ውስጥ መቀመጥ ግን የሌላውን ሰው ቁስል፣ ተቅማጥና የቆዳ በሽታ ከራስ ቱቦ ጋር ማገናኘት ነው። ተጠማቂው በረከቱ በውኃው ብዛት እንደማይለካ ከነፍስ አባቱ ቢሰማ ይበልጥ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ያማክሯቸው። ጸበሉ ቦታ ሲደርሱም አያፍሩ። ለአጥማቂው አባት ቀስ ብለው «አባ፣ ከሐኪም ቤት የተደረገልኝ ቱቦ አለ፤ ከራሴ ላይ ብቻ ያፍስሱልኝ» ማለት ይበቃል። ስንት ዓይነት ሕመም የሚያዩ አባቶች ናቸው፤ የእርስዎ ቱቦ አያስደነግጣቸውም። መስቀሉ ሲዳስስ ወይም ሰው ሲገፋፋ ቱቦው እንዳይያዝ ጭን ላይ በሚገባ ይታሰር፤ የሚያግዝዎ አንድ ዘመድም ይኑር። ጸበል ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች እኔ የምፈራው ከውኃው ይልቅ ግፊያው ነው፤ አንድ ሰው የከረጢቱን ማሰሪያ ረግጦ እርስዎ ወደፊት ቢራመዱ ኳሷ ምን እንደምታደርግ ቀደም ብለን አይተናል።

ጸበል መጠጣትስ? ፈሳሽ ለቱቦ ጥሩ ነው፤ ሽንት ሲቀጥን ቱቦው በዝቃጭ አይደፈንም። ቢሆንም ካልተጠበቀ ምንጭ በብዛት መጠጣት ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጥ ደግሞ ሰውነትን አድርቆ ሽንቱን ያወፍራል። ከምንጩ ዐይን የተቀዳውን፣ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ያለውን ይምረጡ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋልም ቱቦን ከሚዘጉ ነገሮች አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታማሚ የምትሰጠው ፈቃድ አለ፤ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁና በፈቃዳቸው ይጠጡ።

ጥምቀት ላይ የሚረጨው ውኃ ምንም አይልም። ባሕረ ጥምቀቱ ውስጥ ዘሎ መግባት ግን ለወጣቶቹ ይተው። የሩፋኤል ዝናብም እንደዚያው ነው፦ ከሰማይ የሚወርደው አይጎዳም፤ ወጥተው ይመቱት፤ ሲገቡ ልብስዎን ቀይረው ቱቦው ያለበትን ያድርቁ።

ፍል ውኃ የሚወድ ሰው ደግሞ አለ። በጣና ማዶ ዋንዛዬ፣ አዲስ አበባ ፍል ውኃ፣ ሶደሬ። ከቧንቧ የሚወርድ ከሆነ ይታጠቡ። ሞቅ ባለና ብዙ ሰው በሚገባበት ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ይቅር፤ ሙቀት ለተሕዋስያን ይመቻል። አከርካሪው ተጎድቶ እግሩ የማይሰማው ሰው በተለይ ሙቀቱን በእጁ ሳይለካ አይግባ፤ ሳያውቀው ይቃጠላል።

መዋኛ ገንዳ፣ እና እንዴት እንደሚገባ

ባሕር ዳር ሆቴል ያደረ፣ ወይም አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ የሄደና ሆቴል ገንዳ ዳር የቆመ ሰው ቱቦ ስላለው ብቻ ዳር ቆሞ መመልከት የለበትም። ክሎሪን በወጉ የተጨመረበት፣ ታቹ ጥርት ብሎ የሚታይ ገንዳ ከማናቸውም ወንዝ ይሻላል። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአከርካሪ ጉዳተኞችን ያከሙት ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርገውት ነበር፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች ሽንታቸውን በራሳቸው መቆጣጠር የማይችሉ ነበሩ። እዚያ የተጀመረው ውድድር አድጎ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ሲካሄድ ዋና ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ። ሰው ሽንቱን በቱቦ እያስወጣም ዋናተኛ ሊሆን ይችላል።

አገባቡ ግን ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ሐኪምዎ ይፍቀድ፤ ቱቦ በገባ ወይም ቀዶ ሕክምና በተደረገ ሰሞን አይገባም። ቱቦው በእምብርት ሥር ሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል የገባ ከሆነ ቀዳዳው ጠግጎ እስኪድን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም። ከዳነ በኋላም ውኃ የማያስገባ ፕላስተር ይለጠፍበታል።

ከመግባትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡና ከረጢቱን ጨርሰው ያፍስሱ። ትልቁን የሌሊት ከረጢት ይዘው አይግቡ፤ እግር ላይ የምትታሰረውን ትንሿን ይጠቀሙ። ባዶ ከረጢት ቀላል ነው፤ የሞላ ግን ቱቦውን እየጎተተ ሲወዛወዝ ይውላል። ከረጢቷን ጭን ላይ በሁለት ማሰሪያ፣ ላይዋንም ታችዋንም፣ ደም በማያቆም ልክ ይሰሩ። ቱቦው እግር ሲዘረጋ እንዳይሳብ ትንሽ ተርፎት ጭኑ ላይ በፕላስተር ይያዝ። በላዩ ጠበቅ ያለ ቁምጣ ይልበሱ። መጋጠሚያው እንደተዘጋ ይቆይ፤ ከረጢቱን ነቅሎ ቱቦውን ብቻ ይዞ መግባት ዋናውን በር ከፍቶ መሄድ ነው።

ቱቦው ጫፍ ላይ የሚገጠም ትንሽ መክፈቻና መዝጊያ አለ፤ ከረጢትን ተክቶ ሽንቱን ፊኛው ውስጥ ያቆያል። ለዋና ምቹ ነው፤ ግን ሐኪም ካዘዘልዎ ብቻ። ፊኛው ትንሽ ብቻ የሚይዝ ወይም ሽንቱ ወደ ኩላሊት የሚመለስበት ሰው ኩላሊቱን ይጎዳበታል፤ የተፈቀደለትም በየ3 እና 4 ሰዓቱ መክፈት አለበት። እኔ ባዶ የተደረገችውን ትንሽ ከረጢት እመርጣለሁ፤ መዝጊያው በገጠር መድኃኒት ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ እሱን ፍለጋ ቱቦውን በክር ወይም በላስቲክ ማሰር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። የታሰረ ቱቦ ከተረሳ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል።

ውኃ ውስጥ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሲወጡ ያለ መዘግየት በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፦ ሴት ከሆኑ ከፊት ወደ ኋላ፣ ወንድ ከሆኑና ቆዳው ካልተገረዘ ቆዳውን ሰብሰብ አድርገው ታጥበው ወደ ቦታው መልሰው፤ ቱቦውን ደግሞ ከገላ ጀምረው ወደ ውጭ። የወንዝ ውኃ ብቻ ካለ አፍልተው አቀዝቅዘው ይጠቀሙ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ በሚገባ ያድርቁ፤ ዱቄት ወይም ቅባት አያስፈልግም። የረጠበ ማሰሪያና ፕላስተር ይቀየር። ከረጢቱ ውስጥ የገንዳ ወይም የወንዝ ውኃ ከገባ፣ ወይም መጋጠሚያው ከተለያየ፣ ከረጢቱ በአዲስ ይተካ፤ ለነገሩ እንደተለመደው በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ መቀየሩ አይቀርም። ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውኃም ይጠጡ።

መግባት የሌለበት ሰው

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የሚለው፣ ጎኑን የሚወጋው፣ ሽንቱ የደፈረሰና ክፉ ጠረን ያመጣ፣ ከረጢቱ ውስጥ ደም ያየ፣ በቱቦው ዙሪያ የሚያፈስስ ወይም ቆዳው የቆሰለ ሰው ምንም ዓይነት ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ መጀመሪያ ይታከማል። ብዙ ጠጥተው ሳለ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ከረጢቱ ውስጥ ምንም ካልወረደና እምብርትዎ ሥር ከተነፋ፣ ቱቦው መጠምዘዙን ይዩ፤ ካልተጠመዘዘ ተዘግቷልና ወደ ሆስፒታል ነው፤ እስከ ነገ አይቆይም። አከርካሪው ከደረት አጋማሽ በላይ የተጎዳ ሰው ድንገት ራሱን ቢፈልጠው፣ ፊቱ ቢቀላና በላብ ቢጠመቅ የተዘጋ ቱቦ የደም ግፊቱን ሽቅብ ሰቅሎት ሊሆን ይችላል፤ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቱቦውን ፈትሹ፣ ፈጥናችሁ ሐኪም ጋር አድርሱት።

ፌስቱላ የታከሙ እናቶች ጉዳይ ለብቻው ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በካትሪንና በሬጂናልድ ሃምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ስላለው የጎጃም እናት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ ቱቦ ይቆያል፤ የተሰፋው ቦታ ሽንት ሳይወጥረው እንዲድን ነው። በእነዚያ ቀናት ሽንቱ ያለማቋረጥ መውረድ አለበት፤ ገላን በተቀዳ ውኃ ከመታጠብ በቀር ወንዝም፣ ገንዳም፣ ጉድጓድ ጸበልም አይገባም። ቤት ከተመለሰችም በኋላ ነርሷ ቀን እስክትሰጣት ድረስ ይህ እንደጸና ይቆያል፤ ከባድ እንስራ መሸከምና ግንኙነትም አብረው ለወራት ይከለከላሉ። ባልና አማት ይህን ከሐኪሙ አፍ ቢሰሙ መልካም ነው፤ ውኃ መቅዳቱን የሚረከባት ሰው ያስፈልጋልና። ከረዥም ምጥ በኋላ ሽንት ያለፈቃዷ የሚያመልጣት ሴት ደግሞ «ይታጠብልኛል» ብላ ጸበልና ወንዝ ሳትመላለስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪም ብታገኝ፣ ትንሽ የሆነው ቀዳዳ በቱቦ ብቻ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ የሚችልበት ጊዜ አለ።

ቱቦዎ ላስቲክ ከሆነ በአብዛኛው እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ ሲሊኮን ከሆነ እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። የትኛው እንደተደረገልዎና የሚቀየርበትን ቀን ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። ለማስቀየር በሄዱ ጊዜ ነርሷን «ልጄ፣ ጸበል ልሄድ አስቤያለሁ፤ ገላዬ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቋት፤ የቱቦውን መግቢያ ዐይታ የምትሰጥዎ መልስ ይህ መጽሐፍ ከሚሰጥዎ ይበልጣል። ጭን ላይ የምትታሰር ትንሽ ከረጢትና ትርፍ ማሰሪያም ያን ዕለት ይዘው ይውጡ፤ በቀበሌው ጤና ኬላ ላይገኝ ይችላል።